ምስጋና እዳ ነበር፦ ከአዱሊስ ዙፋን እስከ ቡና ረከቦት

በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በቀይ ባሕር ዳር ወደነበረችው የአዱሊስ ወደብ መጣ። ጊዜው ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ የደቡብ ዓረቢያዋን ሂምያርን ሊወጋ የሚሰናዳበት ነበር። ንጉሡ በከተማዋ መግቢያ ላይ በቆመ የዕምነ በረድ ዙፋን የተቀረጸው የግሪክኛ ጽሑፍ ተገልብጦ እንዲላክለት ለአዱሊሱ ሹም ለአስባስ ትእዛዝ ሰደደ። ሹሙም ሥራውን ለኮስማስና ሜናስ ለሚባል ሌላ ነጋዴ ሰጠ። ኮስማስ አንድ ቅጂ ለራሱ አስቀረ። ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ ጽሑፉ ግን በኮስማስ መጽሐፍ ውስጥ ተርፎ ለእኛ ደረሰ።

ቃሉ ስሙ ያልታወቀ የአንድ የአክሱም ንጉሥ ነው። ንጉሡ ያስገበራቸውን ሕዝቦች በየተራ ይዘረዝርና ድሉን ለሰጠው ለአምላኩ ምስጋና ያቀርባል። አምላኩን በግሪኮች ስም አሬስ ብሎ ይጠራዋል። ከዚያም ወደ አዱሊስ ወርዶ በባሕር ላይ ለሚጓዙት ሰዎች መሥዋዕት ማቅረቡን፣ ሠራዊቱን በአንድ ቦታ መሰብሰቡን፣ በነገሠ በ27ኛው ዓመትም ይህን ዙፋን ለአምላኩ ማቆሙን ይናገራል። ከዚህ አካባቢ በጽሑፍ ከደረሱን ጥንታዊ ምስጋናዎች አንዱ ይህ ነው።

ንጉሡ «አመሰግናለሁ» ብሎ አላበቃም። ዙፋን አቆመ፣ ሕዝብ ሰበሰበ፣ በማዕበል መካከል ስላሉ መርከበኞችም ለመነ። በዘመናት ብዛት አምላኩ ተለወጠ፣ ቋንቋውም ተለወጠ። ይህ ልማድ ግን ከቤተ መንግሥት እስከ ጎጆ ሲወርድ ሲዋረድ መጣ። በእኛ ታሪክ ምስጋና ወደ ላይ የሚነገር፣ ወደ ጎን ግን የሚከፈል እዳ ነበር። የተሰጠው ሰው የሰጠውን አምላክ ያመሰግናል፤ ክፍያውን የሚቀበለው ግን ጎረቤት፣ ድኻ፣ እንግዳ፣ ተማሪና መንገደኛ ነው። ዛሬ «ተመስገን» የሚለው ቃል በአፋችን ሞልቷል። ክፍያው ግን እየሳሳ ነው ብዬ ስለማምን የመጣንበትን መንገድ ወደ ኋላ ማየት ይገባናል እላለሁ።

ድል ያደረገ ምን ይከፍላል?

በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ኢዛና ድሎቹን በአክሱም ድንጋዮች ላይ አስቀረጸ። በቀደሙት ጽሑፎቹ የሚያመሰግነው የቀድሞ አምላኩን ማህረምን ነው። በኖባ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በሚተርከው የግዕዝ ጽሑፍ ግን ድሉን የሰጠው የሰማይ ጌታ መሆኑን ይመሰክራል። የታሪክ ሊቃውንት የእምነቱን መለወጥ የሚያነብቡት ከዚህ ነው። እኔ የማተኩረው ከምስጋናው ቀጥሎ በሚመጣው ነገር ላይ ነው፤ ኢዛና ሕዝቡን በጽድቅና በፍርድ፣ ግፍ ሳይውልበት ስለ መግዛት ይናገራል።

በዚያው ድንጋይ ላይ የተቃጠሉ ከተሞችና የተማረኩ ሰዎችም ተጽፈዋል። ድል አድራጊ በሚያመሰግንበት ቀን ድል የተነሣው ያለቅሳል፤ ይህን ሸሽገን ልናነብብ አይገባም። ቢሆንም ምስጋናው ለንጉሡ ሥልጣን ወሰን ሲያበጅለት እናያለን። ሥልጣኑ ስጦታ ከሆነ ባለቤት አለው፤ ባለቤት ያለውን ነገር ደግሞ እንደ ልብ ማድረግ አይቻልም።

ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት የዓድዋ ድል ሆነ። የጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ዘምቶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ባለ ስምንት ማዕዘን ሆኖ የታነጸው የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም የዚያ ቀን መታሰቢያ ነው። በሐረርጌ መንገድ ላይ ያለው የቁልቢ ገብርኤልም፣ በትውፊት እንደሚነገረው፣ ራስ መኮንን ከዓድዋ በሰላም ለመመለሳቸው ውለታ ያሠሩት ነው። ያ የአንድ መስፍን ምስጋና ዛሬ የሺዎች ሆኗል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ስለቱ የሰመረለት ሁሉ ጃንጥላውን፣ ጧፉን፣ ወርቁን ይዞ ወደዚያ ይወጣል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ዓይነት ክፍያ ታየ። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ ልክ በአምስት ዓመቱ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ወደ ዋና ከተማቸው ተመለሱ። ሕዝቡ የየካቲት ሰማዕታቱን አልረሳም፤ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፈሰሰው ደም ትኩስ ነበር። በዚያ የደስታ ቀን ንግግራቸው ንጉሡ ክፉን በክፉ እንዳይመልሱ ሕዝባቸውን አዘዙ። ነፃነት የተሰጠው ሕዝብ ምስጋናውን በምሕረት እንዲከፍል ተጠየቀ ማለት ነው። ብዙ የጣሊያን ሲቪሎችም ከዚያ በኋላ እዚሁ አገር ጋራዥና ሱቅ ከፍተው ኖረዋል።

ሰባት ቀን የተካፈለ ምስጋና

የነገሥታቱ ምስጋና በድንጋይና በሕንጻ ሲታይ የተራው ሰው ምስጋና በቀንና በሰዓት ተመደበ። ይህን ያደረገው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ልጅ ፊደል ይቆጥራል፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነብባል፣ ከዚያ ዳዊት ይገባል። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ ድግስ ደግሰው፣ መምህሩን አብልተው ያስመርቁታል። የብራና ዳዊት በአንድ ጥራዝ ውስጥ 150ውን መዝሙር ብቻ ይዞ አይቀርም፤ የነቢያት ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይና ውዳሴ ማርያም አብረው ይጻፉበታል። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ የሳምንት ቀናት የተከፈለ ነው፤ ሰኞ ይጀምራል፣ እሑድ ያበቃል። ሰው ደስ ባለው ቀን ብቻ እንዳያመሰግን ሥርዓቱ አስቀድሞ አሰበለት። ዝናብ የቀረበት ማክሰኞም ሆነ ከብት የሞተበት ሐሙስ የየራሱ ምስጋና አለው።

ይህን ሥርዓት ካጠነከሩት መካከል ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ይገኛሉ። የማርያም በዓላት 33 ሆነው እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያምም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ያዘዙ እሳቸው ናቸው። ቅዳሴውም ቢሆን የምስጋና ሥራ ነው። ባስልዮስ የደረሰው የሚባለው ጸሎተ አኰቴት ከሁሉ በፊት እስከዚህች ሰዓት ስለ መድረስ ያመሰግናል። ጉባኤውን ያስጀመረው ልመና ሳይሆን በሕይወት መገኘት ነው።

ልጆች ግን ምስጋናን የተማሩት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። የቆሎ ተማሪው ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን ይዞ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ ከተሰጠውም በኋላ ቤቱን ሳይመርቅ አይሄድም። ነሐሴ 13 በቡሄ ልጆቹ ጅራፍ ሲያስጮኹ ውለው በየቤቱ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ። ሙልሙሉን ተቀብለው የቤቱን አባወራና እመቤት እስኪመርቁ ድረስ ጭፈራው አላለቀም። የስምንት ዓመት ልጅ አዋቂን ሲመርቅ፣ አዋቂውም ራሱን ዝቅ አድርጎ «አሜን» ሲል ማየት ትልቅ ነገር ነው። ያ ልጅ ተቀባይ መሆን እንደማያሳንሰው፣ በምርቃቱም የሚሰጠው ነገር እንዳለው ያውቃል።

የዞረ ጽዋ

ምስጋና ወደ ጎን የሚከፈል እዳ መሆኑን እንደ ጽዋ ማኅበር የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። ወር በገባ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ23 የጊዮርጊስ፣ በ27 የመድኃኔዓለም ማኅበርተኞች በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ድፎ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ የማኅበሩ ሙሴ ሥርዓቱን ያስጠብቃል። በመጨረሻ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። ጽዋ የተቀበለ ሰው የሚቀጥለውን ወር ድግስ በእጁ ተቀበለ ማለት ነው። በልቶ የወጣ ሁሉ ተራው ሲደርስ ያበላል።

ሰንበቴ ደግሞ ቤቱን ከፍቶ ወደ ደጀ ሰላም ይወጣል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ ይዘውት የመጡትን ዳቦና ጠላ ለነዳያንና ለተማሪ ያካፍላሉ። ዝክርም፣ ተዝካርም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፤ ለቅዱሱ ወይም ለሟቹ የታሰበው እህል የሚደርሰው ለተራበው አፍ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ከተሞች ገና ሳይነጋ ከደጅ ሆነው እያዜሙ የሚለምኑት ላሊበላዎችም የዚህ ሥርዓት ሰዎች ናቸው። የሰጣቸውን ሰው በስሙ እየጠሩ በዜማ ይመርቁታል።

ስለትን ብዙ ጊዜ የምናስበው የልመና ነገር አድርገን ነው። ጠለቅ ብለን ስናየው ግን አስቀድሞ የተዋዋሉት ምስጋና ነው። መካን የነበረች ሴት ልጅ ቢሰጣት በግ ልታርድ፣ የታመመ ሰው ቢድን መጋረጃ ሊያስገባ ይሳላል። ነገሩ በሰመረ ጊዜ ስለቱን ያላስገባ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም፤ በራሱ ላይ እዳ እንዳለ ያውቃል። በጉም ሲታረድ ለብቻ የሚበላ አይደለም።

የነጃሺ ውለታ

በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በመካ ከደረሰባቸው ስደት ሸሽተው ወደ ሐበሻ ምድር መጡ። የመካ ቁረይሾች ስደተኞቹ እንዲመለሱላቸው መልእክተኛ ሲልኩ ንጉሡ ነጃሺ አሳልፎ ሊሰጣቸው አልፈቀደም። ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በንጉሡ ፊት ቆሞ ስለ ሃይማኖቱ የተናገረው ቃል በእስልምና ታሪክ ውስጥ የታወቀ ነው። ከዓመታት በኋላ ነጃሺ ሲሞት ነቢዩ ሙሐመድ አስከሬኑ በሌለበት የሙታን ሶላት ሰገዱለት፤ ይህን የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም መዝግበውታል። ከነጃሺ ዘንድ ልዑካን በመጡ ጊዜም ነቢዩ በገዛ እጃቸው እንዳስተናገዷቸው፣ ባልደረቦቻቸው እኛ እንበቃለን ሲሏቸውም እነዚህ ሰዎች ወገኖቻችንን አክብረዋልና እኔው ልመልስላቸው እወዳለሁ እንዳሉ በትውፊት ይነገራል። ውለታ በተላላኪ አይመለስም የሚል ትምህርት ነው።

ይህ ትምህርት በኢትዮጵያ ሙስሊሞች የዕለት ኑሮ ውስጥ ሥር ሰዷል። «አልሐምዱሊላህ» የሚለው ቃል በምግብ መጨረሻ፣ በማስነጠስ፣ በደስታም በሐዘንም ይነገራል። ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ለዓቂቃ በግ ይታረዳል፣ ሥጋውም ለዘመድና ለድኻ ይደርሳል። የዒድ አል አድሐ ኡድሒያም እንዲሁ ለቤት፣ ለዘመድና ለችግረኛ ይከፋፈላል። በወሎ ሐድራ ላይ መንዙማው ሲወርድና ዱዓው ሲደረግ የተለያየ ሃይማኖት ያላቸው ጎረቤቶች «አሚን» ይላሉ። ክርስቲያኑ ለሙስሊም ጎረቤቱ፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ በየበዓሉ ለጎረቤቱ እምነት የሚስማማውን እርድ የሚያሳርደው ውለታው በሃይማኖት ወሰን ስለማይቆም ነው።

ከክረምት ማግስት

የአገራችን ክረምት ከባድ ነው። ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይቆረጣል፣ ጎተራ ይራቆታል። መስከረም ሲጠባ የሚወጣው ምስጋና ለዚህ ነው ይህን ያህል የሚሞቀው።

የኦሮሞ ሕዝብ ክረምቱን ላሳለፈው ዋቃ የሚያቀርበው ምስጋና ኢሬቻ ነው። ሁለት መልክ አለው። ኢሬቻ መልካ ከክረምት በኋላ በውኃ ዳር ይከበራል፤ ኢሬቻ ቱሉ ደግሞ በበጋ በተራራ ላይ ዝናብ ለመለመን ይደረጋል። በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ይወርዳል፣ ሣሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ በራሱ ላይ ይረጫል፣ አባ ገዳዎች ይመርቃሉ፣ ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን የክብር በትራቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ለምስጋናው የሚያዘው ነገር ማንም ድኻ ከሜዳ የሚያገኘው ሣር መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ በዚያ ቀን ባዶ እጁን የሚቀር የለም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያ ሐይቅ ዳር ብዙ ሰዎች ሞቱ። በሚቀጥለው ዓመት ሕዝቡ ሐዘኑን ይዞ ተመልሶ ወረደ። መስከረም 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኢሬቻ ከረጅም ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ፣ በሆራ ፊንፊኔ ተከበረ።

የቤተ እስራኤል ሲግድ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል። በጎንደር ምድር ሳሉ በቄሶቻቸው መሪነት ኦሪቱን ተሸክመው፣ ጾመው ወደ ተራራ ይወጡ ነበር። ንስሐ ይገቡ፣ ኪዳናቸውን ያድሱ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግዱ ነበር። ሲወርዱ ግን ጾሙ በጋራ ማዕድና በዘፈን ይፈታል። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በረሃ ብዙ ወገን ቀብረው ያለፉት፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ 14,000 ያህሉ በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ በአውሮፕላን የተጓጓዙት ሰዎች ዛሬ ያንኑ ጸሎት በኢየሩሳሌም ተራራ ላይ ቆመው ያደርሳሉ። የእስራኤል ምክር ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ሲግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደነገገው። የተመኙት ቦታ የደረሰ ሕዝብ የምኞቱን ጸሎት አለመተዉ ራሱ ምስጋና ነው።

ለመስቀል ወደ አገሩ የሚገባው ጉራጌም የዚህ ወቅት ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ በመርካቶም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተማ ሲነግድና ሲሠራ የከረመ ልጅ ለእናቱ ልብስ፣ ለአባቱ ጋቢ ይዞ ይመለሳል። ከብቱ ይታረዳል፣ ክትፎው ይቀርባል፣ የሽማግሌዎቹ ምርቃትም ይከተላል። ያሳደገ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ በአካል ይመሰገናል።

ረከቦቱ ዙሪያ

ከበዓል ወደ ተራ ቀን ስንመጣ ቡና እናገኛለን። ዛሬ የሁሉም የሆነው ቡና እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ በደጋው ክርስቲያን ዘንድ የሚራቅ ነገር ነበር፤ የሙስሊሙና የኦሮሞው ተደርጎ ይቆጠር ነበርና። በምኒልክ ዘመን ያ ክልከላ ላላ። ከቡናው ጋርም ሥርዓቱ አብሮ ገባ። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይቀዳል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ይመርቃል። አንዱ ማኅበረሰብ ከሌላው የተቀበለው ስጦታ ይህን ያህል የራሱ የሆነበት ሌላ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

በዚያ ምርቃት ውስጥ «ከክፉ ቀን ይሰውራችሁ» የሚለው አይጠፋም። ክፉ ቀን የታሪክ ስምም ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የከብት በሽታ ገብቶ በሬውን ፈጀው፣ አራሽ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፣ ድርቁና አንበጣው ተከተለ፣ ሕዝብ አለቀ። ዐፄ ምኒልክ በገዛ እጃቸው መሬት ቆፍረው በሬ የሌለው ሁሉ በመቆፈሪያ እንዲያርስ አሳይተዋል፣ ጎተራቸውንም ከፍተዋል። ከዚያ የተረፈ ትውልድ የወደቀ ቁራሽ እንጀራ አንሥቶ ስሞ ያስቀምጥ እንደነበር አያቶቻችን አሳይተውናል። ለእነሱ እህል ላይ መራመድ ነውር ነበር።

ሜክሲኮ አደባባይ

ውለታ በአገርም ደረጃ ይታወሳል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወርር በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ወረራውን አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አዲስ አበባ አንዱን አደባባይዋን በሜክሲኮ ስም ጠራች፤ ሜክሲኮ ሲቲም ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አላት። በ1985 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ ራሷ በረሃብ ውስጥ የነበረችው ኢትዮጵያ በቀይ መስቀል ማኅበሯ በኩል 5,000 ዶላር ላከች። ገንዘቡ ለፈረሰች ከተማ ምንም ያህል አይደለም። የሃምሳ ዓመት ውለታ በራብ ቀን መመለሱ ግን ትልቅ ነገር ነው። በየቀኑ «ሜክሲኮ ወራጅ አለ» እያልን በታክሲ ስናልፍ የምናልፈው በምስጋና ላይ ነው።

አገር የግለሰብንም ውለታ ታስታውሳለች። ሲልቪያ ፓንክረስት ከግንቦት 1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በለንደን ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ ያሳተመች እንግሊዛዊት ናት። በ1960 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ስታርፍ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጋር ተቀበረች።

ይህን ስንጽፍ ሌላውንም መጻፍ አለብን። በነፃነት ማግስት ብዙ አርበኞች ለጠላት ያደሩ ሰዎች ሹመት ሲያገኙ እኛ ተረሳን ብለው አዝነዋል። በጎጃም አምስት ዓመት የተዋጋው በላይ ዘለቀ በዐመፅ ተከስሶ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ሞተ። የፍርዱ ነገር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ሕዝቡ ግን ነገሩን እንደ ውለታ ክህደት አድርጎ ያስታውሰዋል። የበላበትን ወጪት ሰባሪ የሚለው ስድብ በእኛ ዘንድ ይህን ያህል የሚያሳፍረው እንዲህ ያለ ቁስል ስላለን ነው።

በግድ የተወሰደ ምስጋና

ከዚህም የከፋ አለ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ጭሰኛው ካመረተው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት ይሰጥ ነበር። በዚያ ላይ አጥር ያጥራል፣ እህል ያስፈጫል፣ በበዓል ማሩንና ሙክቱን እጅ መንሻ አድርጎ ያቀርባል። እጅ መንሻው የምስጋና መልክ ነበረው፤ ያላቀረበ ግን ከመሬቱ ይነቀላል። ደጅ ጸንቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «እድሜ ይስጥልን» እያለ የሚኖረው ሰው ልቡ ምን ይል እንደነበር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የታየው ደስታ ተናገረ።

ስለዚህ ምስጋናን ስናወድስ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ መጠየቅ ግድ ነው። ማኅበሩ ላይ ተረኛው ሀብታምም ድኻም ጽዋውን በየተራ ይቀበላል። ጭሰኛው ዘንድ ግን ክፍያው ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ነበር። ለተበደለ ሰው «ተመስገን በል፣ ከአንተ የባሰ አለ» ማለት ዛሬም የዚያ ዘመን ርዝራዥ ነው። ደመወዙ የተቆረጠበት ሠራተኛ፣ በባሏ የምትደበደብ ሴት፣ ካሳ ሳያገኝ ከይዞታው የተነሣ ገበሬ አስቀድሞ የሚገባቸው ፍትሕ ነው። ምስጋና ለዝምታ ማስገደጃ ሲሆን ስሙ ምስጋና አይደለም።

የዛሬው እዳችን

ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ይህን አሮጌ ልማድ መመዘን ጀምረዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማከሎ ባሳተሙት ጥናት አንዱ የተማሪዎች ቡድን በየሳምንቱ ያመሰገነባቸውን ነገሮች፣ ሌላው ያማረሩትን፣ ሦስተኛው ያጋጠሙትን እንዲሁ እንዲጽፍ ተደረገ። ከአሥር ሳምንት በኋላ የምስጋናው ቡድን ስለ ሕይወቱ የተሻለ ስሜት ነበረው፣ የአካል ሕመም ምሬቱም ቀንሶ ተገኘ። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቹ ሰዎች በወጉ አመስግነውት ለማያውቁት ባለውለታቸው ደብዳቤ ጽፈው በአካል ሄደው እንዲሰጡ አደረጉ። ደስታቸው በግልጽ ጨመረ፣ ለአንድ ወር ያህልም ቆየ።

ማስታወሻ ደብተሩ ጥሩ ነው። ማታ ማታ ሦስት መልካም ነገር የሚጽፍ ሰው ከማይጽፈው ይሻላል። ነገር ግን ደብተሩ ተዘግቶ ከተቀመጠ ምስጋናው ከራስ ወደ ራስ ሄዶ ይቀራል። ሁለተኛው ጥናት ያሳየው ግን የቡሄ ልጆችና የመስቀል ተመላሾች ሲያደርጉት የኖሩትን ነው፤ ሄዶ፣ ፊት ለፊት ቆሞ መናገርን።

ዛሬ ይህን የሚጠይቁን ሰዎች በቅርባችን አሉ። በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ ሰው ቤት እየሠሩ ታናናሾቻቸውን ያስተማሩ፣ የወላጆቻቸውን ጣሪያ በቆርቆሮ የለወጡ እህቶች አሉን። ገንዘቡ ሲደርስ ቤተሰቡ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፣ አላህን ያመሰግናል፤ ተገቢ ነው። ከእነሱ አንዷ ታምማ ወይም ባዶ እጇን ስትመለስ ግን ያ ምስጋና ወደ ጎን ዞሮ እሷን ማግኘት አለበት። አልጋ የሚያነጥፍላት፣ «ደክመሻል፣ አሁን ተራው የእኛ ነው» የሚላት ሰው ካላገኘች በስሟ ስንት ጊዜ «ተመስገን» ብንል ከንቱ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ አስፋልት የምትጠርገው እናት፣ ልጃችንን ፊደል ያስቆጠሩት ጡረተኛ መምህር፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ከልጆቿ ተለይታ በሆስፒታል ያደረችው ነርስም እንደዚሁ ናቸው።

ሐዘን ቤት ድንኳን ውስጥ ስለ ሟች ደግነት የሚነገረውን ብዙ ሰምተናል። ዕድሩ ወንበሩን ያመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮውን ይቀቅላል፣ ባለ ሐዘኑም «ብድራችሁን በደስታ ያድርግልን» ይላል። ይህ ያማረ ሥርዓት ነው። ሆኖም ያን ሁሉ የደግነት ቃል ሟቹ አልሰማውም። እኔ የምለው ግማሹን በሕይወት ሳለ እናድርስለት ነው። ስልክ አንሥቶ «ያኔ ያደረግህልኝን አልረሳሁም» ማለት፣ የበላንበትን ቤት ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባት፣ ያስጠጋንን ሰው ስም በልጆቻችን ፊት መጥራት ደመወዝ አያስጨርስም።

ከአዱሊስ ንጉሥ እስከ ሰንበቴ ማኅበርተኛ ድረስ ያሉት ሰዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የተሰጠኝ ለእኔ ብቻ አልተሰጠኝም የሚል እምነት አላቸው። ልማዶቹ በከተማ ሕይወት እየተለወጡ ነው። ጽዋው ወደ አዳራሽ፣ ምርቃቱ ወደ ስልክ፣ ስለቱም ወደ ባንክ ሒሳብ ሊገባ ይችላል። መልኩ ቢለወጥ አይጎዳንም። የሚጎዳን ክፍያው ቀርቶ ቃሉ ብቻውን ሲተርፍ ነው። እንግዲህ ነገ ጠዋት «እንዴት አደርክ? እንዴት አደርሽ?» ተብለን «ተመስገን» ስንል፣ ቀጥለን ራሳችንን አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ይህን ያህል ከተሰጠኝ ዛሬ ለማን ልክፈል?